ጋምቤላ ላይ ሆዴን ያጠብኩበት ሳምንት

ከደብረ ታቦር በወጣሁበት ዋዜማ፣ ማታ፣ ቤታችን የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አንዴ እኔን አንዴ ሻንጣዬን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። "እዚያ አገር ሰው እንደ ሻማ ይቀልጣል አሉ" ትላለች አንዷ። "ትንኙ ከነጫማህ ነው የሚበላህ" ትላለች ሌላዋ። እናቴ እንዳልሰማች ሆና ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ምስሩን፣ በሶውን፣ ቆሎውን በየከረጢቱ ትቋጥራለች። ከኢትዮጵያ አልወጣሁም እኮ! መንግሥት ለአዲሱ ክልል መዝገብ ቤት አደራጅ ብሎ ጋምቤላ መደበኝ እንጂ። ግን ይሄ ስደት አይደለም የሚለኝ ካለ ይህን ጉድ አንብቦ ይፍረድ።

መቱ ላይ ኮቴን፣ ጎሬ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ከቡሬ ቁልቁል በጭነት መኪና ስንወርድ የሸሚዜን ቁልፎች ፈታሁ። መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ምን አወልቅ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ጎረቤቶቼ፣ እናንተ ጋ እንግዳ ሲመጣ "ብርድ ነው፣ ግቡ" ይባላል፤ እዚህ "ሙቀት ነው፣ ውጣ" ተብዬ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ቢሮው ገና አዲስ ነበር፤ አሥራ አንድ ሠራተኛና አራት ወንበር። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፣ የቀረው ቆሞ ክልል ያቋቁማል።

ቤት ያከራየችኝ ማማ አሪየት የምትባል አኙዋ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ዓሣ ነጋዴ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ የሚሰማ። መጀመሪያ ቀን በአክብሮት "እርስዎ" ስላት ግንባሯን ቋጠረች።

"እኔ አንድ ሰው ነኝ። ለምን ታበዛኛለህ?"

በ"አንቺ" ተስማማን። ወዲያው የተቀቀለ ዓሣ አቀረበችልኝ። እኔ ደግሞ ሽታው ገና ከበሩ ገፍቶኝ "ጾም ነው" አልኳት። ጾም አልነበረም። በሳምንቱም "ጾም ነው" አልኩ፣ በወሩም። ስምንት ወር ሙሉ የእናቴን ሽሮ በእናቴ በርበሬ እያሰከርኩ፣ ላንቃዬ ሲቃጠል ቆሎ እየቆረጠምኩ ኖርኩ። አንድ ቀን በጣም አዝና ጠየቀችኝ፣ "የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?"

በስምንተኛው ወር ሽንት ቤት ደም አየሁ። አባቴን የወሰደው ሆዱ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከፍርሃቴ ጀርባ ሌላ ሐሳብ ብቅ አለ፤ ዝውውር! የማይገድል፣ ነገር ግን ደብረ ታቦር የሚያደርስ በሽታ ቢገኝልኝስ? ሠራተኛ አስተዳደር ገባሁ። ኃላፊው ከአራቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነበሩ።

"ዝውውር ፈልጌ ነበር።"

"እኔም ፈልጌ ነበር።"

"አሞኛል።"

"ምንህን?"

"ሆዴን።"

"ሆድማ ሁሉም አለው። የሐኪም ወረቀት ይዘሃል?"

"አልያዝኩም።"

"እንግዲያው ጤነኛ ነህ።"

ዕድሌ ሆኖ በዚያ ሰሞን አንድ የውጭ ሐኪም ለአንድ ሳምንት ብቻ ሆስፒታል መጥቶ ነበር፤ ጫፉ ላይ መብራትና ዓይን ያለው ረጅም ቀጭን ጎማ ይዞ። ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። በየት በኩል እንደሚገባ ነርሷ ሲስተር ብርሃኔ ስትነግረኝ ዞሬ የመውጫውን በር አየሁ።

"አንጀትህ ካልጸዳ ምንም አይታየውም" አለችኝ። "ቅዳሜ ይሄዳል። ዓርብ ጠዋት ጸድተህ ካልመጣህ ቀረብህ። ከዛሬ ጀምሮ ሽሮ የለም፣ ምስር የለም፣ ቆሎ የለም፣ በሶ የለም፣ በርበሬ የለም፣ ጎመን የለም።"

ከእናቴ ከረጢቶች አንድም አልተረፈ። "ታዲያ ምን ልብላ?"

"ነጭ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ዓሣ።"

"ዓሣ?"

"ባሮ ዳር እየኖርክ ከየት አመጣለሁ ልትለኝ ነው?"

ማማ አሪየት ከማንጎው ሥር ዓሣ ትገፍፋለች። ፊቷ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ጾም አለቀ?"

"ሐኪም አዞኝ ነው።"

"ሐኪም! እኔ ስምንት ወር ሳዝህ አልሰማህም።" እጇን ጠረገች፤ ከዚያ "እውነት ንገረኝ። ይሸትህ ነበር?"

መዋሸት ሰለቸኝ። "አዎ።"

"እኔም የእናንተ በርበሬ ያስነጥሰኛል። ግን ስትሰጠኝ በልቻለሁ።"

እውነቷን ነው። በየበዓሉ ወጥ ስልክላት እያነጠሰች ትበላ ነበር። ከዚህ ወዲያ አላስለመነችኝም፤ በጨው ብቻ ቀቅላ አቀረበችልኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ፤ ሁለተኛውን ዓይኔን ከፍቼ፤ ሦስተኛው ላይ ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ። ጎረቤቶቼ፣ ፍረዱብኝ፤ ይጣፍጣል። ከጣፈጠኝ ይልቅ ያሳፈረኝ ይበልጣል።

ሐሙስ ግን ምግብ ጭራሽ ቀረ። የተጣራ ሾርባ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ ውሃ። ማማ አሪየት የዓሣውን መረቅ የምታጠልበት ንጹሕ ጨርቅ ስታጣ የእናቴን ነጠላ ሰጠኋት። እናቴ ይህን እንዳትሰማ! ነጠላው እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ጨው ጨው የሚለውን መድኃኒት በጥብጬ መጠጣት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ድርድር ነበረኝ፤ የግቢያችን ሽንት ቤት አንድ ነው፣ ቁልፉም በማማ አሪየት አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

"ቁልፉን እስከ ነገ ስጪኝ።"

"እስከ ነገ? ልትኖርበት ነው?"

"እንደሱ ነው።"

"ኪራዩ ሌላ ነው እንግዲህ" አለችና እየሳቀች ሰጠችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ በመዘምራን ድምፅዋ ጸለየች። "ጌታ ሆይ! የዚህን ሰው ሆድ እጠብ! ውስጡ ያለውን ሁሉ አውጣ!"

ጌታ ጸሎት ለመስማት እንዲህ እንደሚፈጥን አላውቅም ነበር። አሜን ሳልል ሮጥኩ።

ያን ቀን ከቤቴ እስከ ሽንት ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም፤ በመጨረሻ መመላለሱን ትቼ እዚያው ቀረሁ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር ሳሙናና ፎጣ ይዞ መጣ። ከቆርቆሮው በር ውጭ ማማ አሪየት በርጩማ አስቀምጣ ዘብ ቆማለች።

"ዛሬ ዝግ ነው። ትምህርት ቤትህ ሂድ።"

"እስከ መቼ?"

"ሰውየው እስኪያልቅ።"

መምህሩ ሄደ። እኔ በዚያ ሙቀት፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። አባቴ ትዝ አለኝ። ዝውውር መመኘቴ ደግሞ አስጠላኝ፤ ጎማው እውነተኛውን ነገር ቢያገኝስ?

"ማማ አሪየት?"

"አለሁ።"

"ፈራሁ።"

"ባሌም ሆዱ ነበር" አለች ከበሩ ማዶ። "ማንም አላየለትም። አንተን ያዩሃል። ጠጣ።" በበሩ ሥር የሻይ ብርጭቆ ገፋችልኝ።

ወደ ማታ የሚወጣኝ እንደ ዝናብ ውሃ ጠራ። ቁልፉን መለስኩላት።

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል በጎኔ አስተኙኝ። ስላለፈው ነገር ዝርዝር አትጠይቁኝ፤ ይህን ያህል ብቻ ልበል፣ ሆዴ በነፋስ ተነፍቶ በሰው ፊት ሲተነፍስ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ የእናቴን ስም ጠራሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ።

"ምን አለ?" አልኩ በድንጋጤ።

ሲስተር ብርሃኔም ሳቀች። "እንዲህ የጸዳ አንጀት በዚህ ሳምንት አላየሁም ነው የሚለው።"

ያገኘው ትንሽ ኪንታሮት ነበር። ደሙ ከእሱ ነው፤ ውሃ በማነስ፣ በድርቀት፣ በርበሬው ደግሞ እያባሰው። ልብሴን ስለብስ እንባዬ መጣ፤ አባቴ እንደሞተው እንደማልሞት ገባኝ። ከሆስፒታሉ ግቢ ሳልወጣ ግን ሌላውም ገባኝ። ወረቀቱ "ለሥራ ብቁ ነው፤ ዓሣና ብዙ ውሃ ይመከራል" ይላል።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እንኳን ደስ አለህ። ቦታው ተስማምቶሃል ማለት ነው። መዝገብ ቤት ይግባ።"

መዝገብ ቤቱ እኔ ነኝ። ራሴ ቁጥር ሰጥቼ ራሴ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌ ሄድኩ። ማማ አሪየት "እናትህን ሰላም ልበላት" ብላ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ተከተለችኝ። ሐኪም ሊያየኝ እንደሆነ አስነግሬ እናቴን አስቀድሜ አስጠርቻት ነበርና ወዲያው ተገኘች።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ደህና ነህ አለኝ።"

"ተመስገን! ታዲያ መቼ ትመጣለህ?"

"ደህና ስለሆንኩ አልመጣም።"

"በሕመምህ ማን አበላህ?" አለች።

"የቤቱ ባለቤት። ማማ አሪየት።"

"እዚያ አለች? ስጠኝ።"

ሰጠኋት። ማማ አሪየት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየጮኸች "አዎ! አዎ! አሁን ይበላል!" ትላለች። ሳቀች። "እሺ። ሩቅ ነው፣ አዎ።" ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ድምፅዋን ቀነሰች። ሳቋ ቆመ። ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። በመጨረሻ "እሺ እናቴ" አለች፤ በዕድሜ እኩያዋን።

ተራዬ ደርሶ ስልኩን ስቀበላት ተቋርጦ ነበር።

"ምን አለችሽ?"

"ለእኔ ነው የነገረችኝ" አለችና ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ቀድማኝ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደወልኩ። እናቴን ስጠይቃት ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ ታወራኛለች። ማማ አሪየትን ስጠይቃት "ብላ" ትለኛለች። እናንተ እዚያው ከእናቴ አጠገብ ስላላችሁ፣ ደህና ስሜት ላይ ስትሆን ለማማ አሪየት ምን እንዳለቻት ጠይቃችሁ ብትጽፉልኝ።