የታሰረው ጠመንጃዬ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልጄን ጥሩወርቅን በዳርኩበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣቴን ሲያደነዝዘው ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ያን ሰሞን በአንዲት ቃል ምክንያት የልጄን የክርስትና አባት ከሰርጓ ላስቀር ነበር። መነሻው ደግሞ ጠመንጃዬ ነው።

ከአምበር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን እንደ እኔ በጠመንጃ ዕድል የጎደለው ሰው ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ከአባቴ ወረስኩት። ሲያዩት ያማረ ነው፤ ጥይቱ ግን ከአባቴ ጋር የተቀበረ ይመስል የትም አይገኝም። ብዙ ዘመን ጋቢዬን ሰቀልኩበት። ሁለተኛው ጥይትም ነበረው፣ ጉልበትም ነበረው፤ ጉልበቱ ግን ወደ ኋላ ነው። ቆቅ አይቼ ቃታውን የሳብኩ ዕለት ቆቋ በረረች፣ እኔ ወደቅኩ። አማቴ ቆመው ያዩ ነበር። "የተመታው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እሱን ሸጥኩት።

ሦስተኛው፣ በደምበጫ በኩል ያለ የማውቀው ሰው የሸጠልኝ ምንሽር ነው። ፈቃድ አውጥቼ፣ አስመዝግቤ ያዝኩት። ሻጩ ሲለየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይሄ ጠመንጃ ዘይት ይወዳል፤ አደራህን እንዳይደርቅ" አለኝ። እኔ ደግሞ ለወደድኩት ነገር አልሰስትም። ዘይት ምን አላት ብዬ ከዘይት የተሻለ ቀለብ ሰጠሁት። ውስጡንም ውጪውንም እያሸሁት ሲያበራ፣ ከባለቤቴ ከእናኑ ይልቅ እሱ አማረኝ። ይህን ስጽፍ እሷ አጠገቤ የለችም።

በዚያ ጥቅምት ለሰርጉ ድግስ ተስፋ ያደረግኩት ድንች ውስጥ ከርከሮ ገባ። የሚመጣው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ እኔም በዚያው ሰዓት ከማሳው ዳር ካለችው ጎጆ አደፍጣለሁ። መንገዱ በአጠገቤ ያልፋል። በዚያ መንገድ ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ ዜማ የሚያስተምሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለእኔ ደግሞ አበልጄ ናቸው፤ ጥሩወርቅን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ጠዋት መቋሚያቸውን ይዘው አለፉ፤ ሰላም ተባባልን። ትንሽ ቆይቶ ከርከሮው ብቅ አለ። አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ። "ቀጭ!" ከሸፈ። ከርከሮው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ድንቹ ተመለሰ። ቢሸሽ እንኳ ክብሬ ይጠበቅ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ጠመንጃውን ደጅ ፀሐይ ላይ አስደገፍኩት። እኩለ ቀን ላይ ያንኑ የከሸፈ ጥይት ደግሜ ሞከርኩት። ድው! ከባሕር ዛፉ ቅርፊት አነሳ።

በማግስቱም እንዲሁ። መሪጌታ ያልፋሉ፣ ይከሽፋል። ቀን እሞክረዋለሁ፣ ይጮሃል። ሰው ነኝና ማሰብ ጀመርኩ። ባላስብ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ አገር ድግምት የሚያውቅ ሰው ጠመንጃ ያስራል ይባላል። የታሰረ ጠመንጃ ደግሞ ቢያነጣጥሩበት፣ ቢለምኑት አይተኩስም። መሪጌታ ስንት መጽሐፍ የዘለቁ ሰው ናቸው፤ ይህን የማያውቁበት ምን ምክንያት አለ? ቂም የሚይዙበት ምክንያት ደግሞ ነበራቸው። በማኅበራችን ዕለት ጠላው ሞቅ አድርጎኝ፣ "መሪጌታ ዜማ ሲያነሡ የመንደሩ አህያ ሁሉ ይቀበላቸዋል" ብዬ ሰውን አስቄባቸዋለሁ። እሳቸውም አብረው ስቀዋል። በኋላ ሳስበው ግን ያ ሳቅ ከጥርስ ያለፈ አልመስልህ አለኝ።

ጥርጣሬዬን ያጸናው በሌላ ቀን የሆነው ነው። ያን ጠዋት ከርከሮው ቀድሞ መጣ። መሪጌታ መንገዱ ላይ ሳሉ ጠመንጃዬ "ቀጭ" ሲል ሰሙና ቆሙ።

"አበልጅ፣ ዛሬም ኪዳን ቀርተው እዚህ ነዎት?"

"ከርከሮ እየጠበቅኩ ነው።"

"ከርከሮውስ እርስዎን የሚጠብቅ አይመስልም። በሉ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት!" ብለው ፈገግ እያሉ ሄዱ።

ይፍታዎት! የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ እሱን እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ያን ዕለት ግን ሌላ ሆኖ ጆሮዬ ገባ። ያላሰረ ሰው ስለ መፍታት ምን አነሳሳው? "አሜን" ማለት ሲገባኝ አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መሰለል ሆነ። የተቀበረ ድግምት ይኖራል ብዬ ማሳዬን ዞርኩ። ከአጥሩ ሥር የተጠቀለለ ቆዳ አገኘሁ። ራቅ ብዬ በእንጨት ስገለብጠው የራሴ አሮጌ ጫማ ምላስ ነው። ጠበል አምጥቼ ጠመንጃውን ረጨሁት፤ ዝገት ጨመረልኝ። ማኅበር ላይ መሪጌታ ጽዋ ሲያቀብሉኝ ሆዴን አሞኛል አልኩ። ቤቴም ሰላም አልነበረም፤ እናኑ ድመቷን "አንቺ ሌባ!" እያለች በመጥረጊያ ታሳድዳታለች። ለምን እንደሆነ ባውቅም ዝም አልኩ።

የሰርጉ ጥሪ ሲጀመር እናኑን፣ "ለመሪጌታ እንዳይነገር" አልኳት።

"አብደሃል? የክርስትና አባቷ ሳይመርቋት የት ልትገባ ነው?"

"ጠመንጃዬን ያሰረ ሰው የልጄን ማኅፀን አያስርም?"

"ወይ ጉድ! ምነው ያንተን ምላስ ባሰሩልን!"

ጥሩወርቅ ከጓዳ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። የሰርግ ቀሚሷን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችውና፣ "እሳቸው ከሌሉ እኔም የለሁም" አለች። እዚህ ላይ ፈራሁ፤ ግን እልኸኛ ነኝ፣ ቃሌን አላነሳሁም።

ወሬውን ማን እንዳደረሰላቸው አላውቅም፤ እናኑን እጠረጥራለሁ። በማግስቱ ከኪዳን መልስ መሪጌታ የጎጆዬ በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም።

"ጠመንጃዬን አስረውብኛል ብለዋል አሉ።"

"አስረዋል" አልኩ። ድምፄ ግን ሾልኮ የወጣ እንጂ የተናገርኩት አይመስልም።

"እስቲ ያምጡት የታሰረውን።"

ሰጠኋቸው። ጥይቱን አወጡ። የኋላውን ብረት ስበው አወለቁና ጣታቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ። ሲያወጡት እንደ ሻማ የደረቀ ነገር ጣታቸው ላይ ተጣብቋል። አሸተቱት።

"አበልጅ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ቅቤ።"

"ቅቤ?"

"ለጋ ነው" አልኩ፣ በጥራቱ እንኳ እንዳልታማ።

መሪጌታ ጠመንጃውን አዩ፤ ሣሩ ላይ የነጣውን ውርጭ አዩ፤ በመጨረሻ እኔን አዩ።

"ያሰረውን አገኘንልዎ። ጠዋት በዚህ ብርድ ቅቤው ይረጋና ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ጠመንጃዎም ይፈታል። እኔ ማሰር ባውቅ መጀመሪያ የማስረው ያንን የመንደር አህያ ነበር። ቀጥዬ እርስዎን።"

እናኑ ቁርስ ይዛልኝ የደረሰችው በዚህ መካከል ነው። "የእኔን የፀጉር ቅቤ?" ብላ ጮኸች። "ያቺን ምስኪን ድመት ስገርፋት ቁጭ ብለህ ታየኝ አልነበር? ለብረት ተቀብቶ እኔ ፀጉሬ ይድረቅ?"

መሪጌታ ያን ጊዜ ሳቁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ይኸኛው ከጥርስ ያለፈ ለመሆኑ እኔም ምስክር ነኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። "ለእኔ ይቅርብኝ፤ ልጄ ቀሚሷን ከሣጥን ታውጣ" አሉ።

ብረቱን በፍል ውሃ አጥበን፣ ጠርገን፣ አደረቅነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጠመንጃዬ አገሩን አናጋው። ከርከሮውን ግን ሳትኩት። ለዚህ የምጠረጥረው ሰው ብፈልግ ከዓይኔ በቀር አላገኘሁም።

በሰርጉ ዕለት መሪጌታ እጃቸውን ጥሩወርቅ ራስ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት። እኔም ከኋላ ሆኜ አፍንጫዬን በጋቢዬ ጠረግሁ። ወጡ ሲቀርብ ደግሞ ወደ እኔ እያዩ፣ "ቶሎ ቶሎ ብሉ፣ ቅቤው ሳይረጋ!" አሉ። ነገሩን የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ ያልሰማውም ተነግሮት ሳቀ።

ዛሬ ምንሽሩ ከአባቴ ጠመንጃ ጎን ተሰቅሏል፤ ለጋቢ መስቀያ የታደልኩ ሰው ነኝ። ማሳውን ውሻ ይጠብቀዋል። ሰው መጠርጠር አልተውኩም፤ በዚህ ዕድሜ የሚተው ነገር አይደለም። ብቻ ከመናገሬ በፊት እጄን አሸታለሁ። መሪጌታ ጠዋት በደጄ ሲያልፉ "እግዚአብሔር ይፍታዎት" ይሉኛል፤ እኔም ጮክ ብዬ "አሜን" እላለሁ። ድመቷ ግን እስካሁን አላመነችኝም። ስገባ ተነሥታ ትወጣለች።