ቁጥር የሌላት ሃርተንሆፍ

ድሪካ ሃርተንሆፍ ከንጋት ጀምራ ለመቶ ሠላሳ ሃርተንሆፎች ድንች ስትልጥ ነበር። መታወቂያዋ ላይ ያለውም ይኸው የቤተሰብ ስም ነው፤ አንድ ፊደል እንኳን አይጎድለውም። ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ሃርተንሆፍ አይቆጠርም።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ይቆጠራሉ፣ ያውም ደረታቸው ላይ። ነጮቹ ሃርተንሆፎች በየአምስት ዓመቱ በዶርንቦስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ የትውልድ ቁጥሩን በካርድ ጽፎ ያንጠለጥላል። ከኤምደን ወደብ በመርከብ የመጣው የቤተሰቡ መሥራች፣ አናጢው ሃርመን፣ «ሀ» ነው። ልጆቹ እንደ አወላለዳቸው «ለ1»፣ «ለ2»፣ «ለ3» ይባላሉ፤ የልጅ ልጆቹ «ሐ» ናቸው፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሰዎቹ ሰላም ከመባባላቸው በፊት ደረት ለደረት ይተያያሉ። ሁሉም አጎት ለማለት «ኦም» የሚሉት ሰብሳቢው ኦም ፍሊፕ የበኩሩ፣ የ«ለ1» ዘር ነውና በሰባ ስምንት ዓመቱም ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

ድሪካን ያንገበገባት ግን የኦም ፍሊፕ ካርድ አልነበረም። ምግብ በሚወጣበት መስኮት ስታይ ፊተኛው ወንበር ላይ የአጎቷ ልጅ ሚልድሬድ ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ባርኔጣ፣ እግር በእግር ላይ፣ ደረቷ ላይም ካርድ። «ሚልድሬድ ሃርተንሆፍ፣ እንግዳ» ይላል። በገዛ ስም እንግዳ መባል ስድብ ነው። ድሪካ በስድቡም ቀናች።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ድሪካ አሥራ ሦስት፣ ሚልድሬድ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው አያታቸው ከሁለቱ አንዷን ብቻ ከተማ ልኮ ማስተማር ይችል ነበር። ከክፍል አንደኛ የምትወጣው ድሪካ ናት። አያትየው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፀጉራቸውን አየና ማበጠሪያ የማይሰብረውን የሚልድሬድን መረጠ። «ለእሷ በር ይከፍቱላታል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አገሩ ያስጠናውን ነው የደገመው። ሰውን በቆዳና በፀጉር ሲመዝን የኖረ አገር ሕጉን በወረቀት ቢሽርም ሚዛኑን ከዓይኑ አላወጣም። ሚልድሬድ መምህርት ሆነች። ድሪካ የሰው ድንች ስትልጥ ስድሳ ደፈነች።

ቢሆንም ንባብ አልተወችም። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሲዮኑን ቤተ ክርስቲያን ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስ ቄሱ የድሮውን የጥምቀት መዝገብ ይከፍቱላታል። ያንን የተጠላለፈ ያረጀ ጽሕፈት ያስተማራት የለም፤ ፊደልን ከፊደል እያስተያየች ራሷ ፈታችው። ስምንት ዓመት ፈጅቶባት የምትፈልገውን መስመር አገኘች፣ ገለበጠች፣ ቄሱን ማኅተም አስመታች። ለዘንድሮው ጉባኤ ነበር ያስቀመጠችው። ተነሥታ ስታነበው፣ ያ ሁሉ ደረት ወደ እሷ ሲዞር፣ ስንት ማክሰኞ በልቧ አይታዋለች።

ከዚያ ኮሚቴው ዘመኑን መምሰል አማረውና ከክልሶቹ ሃርተንሆፎች፣ ከእነ ድሪካ ወገን፣ አንድ ሰው ይናገር አለ። የተጠራችው ሚልድሬድ ናት። ድሪካን የጠየቋት ስንት ኪሎ ድንች እንደሚበቃ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሚልድሬድ ራሷ ቤቷ ድረስ መጥታ ነበር።

«እህት ድሪካ፣ ከመዝገቡ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ ይላሉ። ስለ ወገናችን የመጀመሪያ እናት፣ ስለዚያች ሴትዮ፣ ያገኘሽው ነገር አለ?»

«እኔ ጠራጊ ነኝ» አለች ድሪካ። «መምህርቷ አንቺ።»

ሻይ እንኳን አላፈላችላትም።

እነሆ ሚልድሬድ ተነሥታ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፣ ይኸንን ማን ይክዳል። ይህ ስም የሁላችንም ነው አለች፤ የእኛ ወገን የሚወለደው ከሃርመን ቤት አገልጋይ ነው አለች። ባሪያ የሚለውን ቃል ዘለለችው። ደረቶቹ ሁሉ ተነፈሱ። ኦም ፍሊፕ ሰኞ በሚቀረጸው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ፣ ከሃርመንና ከሚስቱ ስም በታች አንድ መስመር ለአገልጋይዋ እንደተተወ ገለጸና ስሟን ሚልድሬድን ጠየቃት።

«ስሟ አልተገኘም» አለች ሚልድሬድ።

«ምንም አይደል፣ ‹አንዲት ታማኝ አገልጋይ› ብለን እናስቀርጻለን። የሚያምር ነው።»

አጨበጨቡ።

ድሪካ ቢላዋዋን ያዝ አደረገች። ወረቀቱ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ዝም ካለች ሚልድሬድ ባዶ እጇን ትቀራለች፤ ሦስት ሳምንት የተመኘችው ይኸንኑ ነበር። ዝም ካለች ግን ያቺ ስንት ማክሰኞ አብራት የተቀመጠች ሴት ለዘላለም ድንጋይ ላይ ታማኝ ሆና ትቀራለች። ለማን ነው የምትታመነው? ለገዛት? ቅናቷ አልለቀቃትም፤ እግሯ ግን ቀደማት።

«ዲና ነው ስሟ» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አዳራሹ መሐል ቆማ። «ከቤንጋል የመጣች ዲና።»

ወረቀቱን አወጣች። መነጽሯ በእንፋሎት ደፍርሷል፣ ቢሆንም በቃሏ ታውቀዋለች። አፏን ስትከፍት ኦም ፍሊፕ በትሕትና አቋረጣት።

«አንቺ አትቸገሪ። መምህርቷ ታንብበው።»

ሚልድሬድ ተቀበለችና በዚያ ድምፅዋ አነበበችው። «ጥር አሥራ አራት ቀን 1821። የተጠመቀው፦ ያኮብ። እናት፦ ዲና፣ የሃርመን ሃርተንሆፍ ባሪያ። አባት፦ ጌታዋ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ፣ ሃርመን ያገባው በ1824 አይደለም እንዴ አለች። ሁሉም በልቡ ይቆጥር ነበር።

«እንግዲህ ‹ለ1› ያኮብ ነው» አለች ድሪካ። «ኦም ፍሊፕ፣ እርስዎ የ‹ለ2› ዘር ነዎት። ሁላችሁም አንድ አንድ ጨምሩ።»

ኦም ፍሊፕ ካርዱን በመዳፉ ሸፈነው። ወዲያው ግን ወጣቶቹ ሚልድሬድን ከበቡ፤ ወረቀቱን እንዳስያዙ ፎቶ አነሷት፣ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቋት። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ «ዲና» የሚለውን ሰኞ ለሚመጣው ጠራቢ ጻፈች። ድሪካ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ሚልድሬድ ተከትላት ገባች።

«ያን ቀን ስጠይቅሽም ይኸ ወረቀት ነበረሽ?»

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ድምፅሽ ስለሚያምር» አለች ድሪካ።

ሚልድሬድ ካርዱን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ቁጥሬን ጻፊልኝ። የሚያውቀው ሌላ የለም።»

ድሪካ እርሳሷን አነሣች። «እንግዳ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከ«ለ1» ጀምራ ትውልዱን አንድ በአንድ አወረደችው፣ እስከ አያታቸው ድረስ። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። አወላለድ አወላለድ ነው፤ የሚልድሬድ አባት የድሪካን አባት በሁለት ዓመት ይበልጣል። በገዛ እጇ በሠራችው ዛፍ ላይም ሚልድሬድ ትቀድማታለች።

ጥርሷን ነክሳ የቀዳሚውን ቁጥር፣ አንድን፣ ለሚልድሬድ ጻፈች። እርሳሱ ካርዱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም።