ደሴ የሚጠራው ስልኬ

ዛሬ ጠዋት ምንም ያልሆነ ስልክ ላሠራ ይዤ ሄድሁ።

ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያሲን የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፣ እንደኔው ሽበት የጀመረው ሰው ነው።

«ይሄ ስልክ አይጠራም» አልሁት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ለሥራ ተፈትኜ ‹እንደውላለን› ካሉኝ ዘጠኝ ቀን። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጢጥ አላለም።»

ገልብጦ አየው፣ ነካካው፣ «እስቲ ልደውልበት፣ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለ። ቁጥሬን እንደ ፋቲሓ አንድም ሳልሳሳት ወረድሁለት። እጁ ሥራ ስለያዘ የራሱን ስልክ በድምፅ ማጉያ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሱ ይጠራል፤ የኔዋ ዝም።

«ይኸው! አላልሁህም!» ብዬ እንደረታ ሰው ጠረጴዛውን መታሁት።

ያን ጊዜ ከያሲን ስልክ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ። «ሄሎ? ከፋብሪካው ነው? ስለ አባቴ ከሆነ ነግሬያችኋለሁ እኮ! አይመጡም፤ ታመዋል። እባካችሁ ሌላ ሰው ውሰዱ።»

ልጄ ሰዓዳ ናት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤቷ ሆና። እጄን ሰድጄ ስልኩን ዘጋሁት።

ያሲን መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። «አባባ፣ ስልክዎ ጤነኛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የታመሙት እርስዎ ነዎት።»

ለካ ፋብሪካው ፎርም ላይ የሞላሁት፣ ለያሲንም የነገርሁት፣ የድሮ ቁጥሬን ኖሯል። የድሮው ሲም ያለው ሰዓዳ በገዛችልኝ ትልቁ ስልክ ውስጥ ነው፤ ከቤት ስወጣ እሷ ዘንድ ትቼው፣ በጣት ሳይሆን በእልህ የሚነካ ነገር አልወድም ብዬ፣ ይቺን ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ከነአዲስ ሲሟ ገዛሁ። አዲሱን ቁጥር ገና አልሸመደድሁትም። የሚያውቀውም ሰዓዳ ብቻ ናት፣ እሷንም ማታ ማታ የምደውልላት እኔው ነኝ። ዘጠኙንም ማታ አውርተናል። እኔ መፈተኔን ደብቄ ስለ ጉልበቴ አወራታለሁ፤ እሷ ፋብሪካው መደወሉን ደብቃ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች። እንደኔ ጉልበት የተወራለት ጉልበት በወሎ የለም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ፤ ደሴ ለቀራችሁትም፣ እንደኔ ተሰድዳችሁ ኮምቦልቻ ለምትጠበሱትም።

ስደተኛ ሁሉ የወጣበትን ሌሊት ይተርካል። እኔ የወጣሁት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ እንቁላል ፍርፍር በልቼ። በረሃ አላቋረጥሁም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ነው የወረድሁት። ባሕር አልተሻገርሁም፣ ቦርከናን በድልድይ ነው ያለፍሁት። በደላላም አልሄድሁም፤ ቦርሳዬን ተሸክማ እስከ መናኸሪያ ያደረሰችኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ያስቀመጠችኝ ልጄ ናት። «ጉልበቴን ፀሐይ ላሙቅ» ነበር ያልኋት። ሐኪሙም የደሴ ብርድ ለጉልበት አይሆንም ብሎ ስለነበር አመነችኝ።

«አንድ ወር ብቻ ነው አባዬ» አለች።

«አንድ ወር» አልሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ ልምድ ማስረጃዬና ጥቁር የፀጉር ቀለም ነበሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ደሴ የመንግሥት መጋዘን ጠብቄ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚያ ሰዓዳ ቤቷ አስገባችኝ፤ ቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ደመወዟም ልቧም ሰፊ ነው። ውሃ ልቀዳ ስነሳ «ይቀመጡ»። በር ልከፍት ስነሳ «ይቀመጡ»። እንግዳ ሊመጣ ሲል ሶፋውንና እኔን አንድ ላይ ያራግፉናል። ማርፈድን እንደ ሞት ስፈራ የኖርሁ ሰውዬ፣ አሁን የማረፍድበት ቦታ አጣሁ። አንድ ቀን ለቅሶ ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ፤ በበር የሚገባና የሚወጣ ዕቃ መዝጋቢ ይፈልጋሉ። ዕድሜ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ለኔ የተተወ መሰለኝ።

ደሴ አይሞከርም። ደሴ ላይ ብቀጠር ሰዓዳ ከኔ በፊት ትሰማለች። ስለዚህ ተሰደድሁ።

ቤት የተከራየሁት ከወይዘሮ አስቴር ግቢ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጠንካራ ጴንጤ ናት።

«መጠጥ ይጠጣሉ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እስላም ነኝ እኮ።»

«እሱስ ጥሩ። እኛ ቤት ግን መዝሙር አለ።»

«በስንት ሰዓት?»

«መንፈስ ሲመራን።»

«እኔም ለሱብሒ ሶላት እነሳለሁ፤ ይሄ በር ደግሞ ሲከፈት ይጮሃል።»

ትንሽ አሰበችና «በቃ ተስማምተናል፣ ማንም አይተኛም» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

ከደሴ እዚህ ያለውን ርቀት በኪሎሜትር አትለኩት። ደሴ ቅቤ በማንኪያ ይቆረጣል፤ እዚህ ቅቤ ይቀዳል። ደሴ ሰው ጋቢው ውስጥ ሆኖ በአፍንጫው ብቻ ሰላም ይልሃል፤ እዚህ ሰው ደረቱን ከፍቶ በሩ ላይ ተዘርግቶ «ግባ!» ይልሃል፣ ብትገባ ግን ውስጡ ይብሳል። ደሴ ጉም ሲወርድ ጎረቤትህ ይጠፋል፤ እዚህ የሚጠፋው ጥላ ነው። ቋንቋውም ሌላ ነው፤ እኛ ፈተና የምንለው ኢንተርቪው ነው፣ ተራ የምንለው ሺፍት ነው፣ የሚቀጥረው ሰው ደግሞ ወንድም ይሁን ሴት ኤችአር ይባላል።

ኢንተርቪው የገባሁ ለት ፀጉሬን ተቀባሁ። ደሴ ቢሆን ይዞ ይውል ነበር። ኮምቦልቻ ገና በሩ ላይ ስደርስ ቀለሙ በጆሮዬ ሥር አድርጎ ወደ ኮሌታዬ ጉዞ ጀመረ። ሦስት ሆነው ነው የተቀመጡት፤ መሐል ያለችው ኤችአሯ ሶፍት አውጥታ «ይጥረጉት አባባ፣ ዕድሜዎ እየፈሰሰ ነው» አለችኝ።

ዕድሜዬንም ቢሆን አስተካክዬ መጥቻለሁ። የተወለድሁበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍሁት፤ አንባቢው በኛ ሲያነበው በሰባት ስምንት ዓመት ልጅ እሆናለሁ ብዬ። ሴትዮዋ ማስረጃዬን ከፎርሙ ጎን አድርጋ በጣቷ ቆጠረች።

«በዚህ ከሄድን መጋዘን የተቀጠሩት በአሥራ አንድ ዓመትዎ ነው።»

«ድሮ ልጅ ቶሎ ይደርስ ነበር» አልሁ።

ሁለቱ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያገኙታል?»

«ከመሬት በላይ፣ ኢንሻአላህ።»

ይሄኔ እሷም ሳቀች። «እንደውላለን» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘጠኝ ቀን አላህ ያውቀዋል። ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሻወር ይዣት ገባሁ። ለሶላት ስቆም ድምፅዋን አጥፍቼ ደረት ኪሴ ውስጥ እከታታለሁ፣ ልቤ በመታ ቁጥር ተጠራሁ እላለሁ። ሐርቡ ያለ ዘመድ ልጠይቅ ተሳፍሬ መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድሁና በእግሬ ተመለስሁ። ሲብስብኝ ፋብሪካው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ የሚገባውን መኪና በወረቀት መመዝገብ ጀመርሁ፤ ሳይቀጥሩኝ ሥራ ገባሁ ማለት ነው። ዘበኛው «አባባ ምን ፈልገው ነው?» ሲለኝ «ጥላ» አልሁት።

ከያሲን ሱቅ ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያው ፋብሪካ ሄድሁ። ኤችአሯ ስታየኝ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እርስዎ ታመው የለም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ልጅዎ ነቻ! ሁለት ጊዜ ደወልን። በመጀመሪያው ጉልበታቸውን አለች፣ በሁለተኛው ልባቸውን አለች። ለሦስተኛ ብንደውል ለቅሶ ልንመጣ ነበር።»

«ጤነኛ ነኝ። ከመናኸሪያ እዚህ በእግሬ ነው የመጣሁ።»

«ለዚያ ነዋ የሚያለከልኩት።»

ከዚያ ዶሴውን ገለጥ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልፈው ነበር እኮ አባባ። ከተፈተኑት ሁሉ ጽሕፈቱ የሚነበብ የርስዎ ብቻ ነው።»

ወላሂ፣ ከዚህ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለፈ ሰው ነበርሁ፣ ሳላውቅ።

«ቦታውስ?»

«እስከ ሰኞ ክፍት ነው። ግን የሰው አባት ከቤተሰቡ ተኳርፎ መጥቶ በራችን ላይ ቢወድቅብኝ ማን ይጠየቃል? ደመወዝተኛ ዋስ ያምጡ።»

«ዋስ ሞልቷል፣ እዚህ እንኳ አከራዬ...»

«ሌላ አልፈልግም። ያችው ልጅዎ ትፈርም። ታመዋል ያለችው እሷ ናት፣ ድነዋል የምትለውም እሷው ትሁን።»

ወጥቼ ያው ዛፌ ሥር ቆምሁ። ደወልሁላት።

«ሰዓዳ፣ ዛሬ ጠዋት ደውሎ የዘጋብሽ እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ ደሴ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እስከዚህ ይሰማል። እኔ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ቆሜ ጆሮዬን ከስልኩ ጋር አጣበቅሁት፣ ዝናቡ ውስጥ የምገባ ይመስል።

«ምን አጎደልሁብዎት አባዬ?» አለች በመጨረሻ።

«ምንም አላጎደልሽም።»

«ታዲያ ምን በደልሁዎት? ሰዓዳ ደመወዝ እየበላች አባቷን በር አስጠበቀች እንዲባል ነው?»

«አልጠብቅም፣ እመዘግባለሁ። ወንበርም አለው።»

«ወንበር እኔ ቤትም አለ!»

«ሰዓዳ» አልሁ፣ «አንቺ ቤት እሞታለሁ ብዬ አይደለም የፈራሁት። ብሞት ሰው ሳያውቅ እንዳይቀር ነው፤ ያው ተቀምጬ ስለምውል።»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ መሳቋ አናደዳትና አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ስንት ሰዓት ነው ሥራው?»

«ስምንት።»

«መድኃኒትዎን ማን ያስታውስዎታል?»

«አከራዬ። እሷ የምትረሳው ነገር የለም።»

«ለጁምዓ ይለቁዎታል?»

«ይለቃሉ» አልሁ። ጠይቄ አላውቅም።

«በየሳምንቱ ቤት ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«አባዬ፣ እውነቱን!»

«ጉልበቴ ሐረጎን ከወጣልኝ እመጣለሁ። ካልወጣልኝ አንቺ ትወርጃለሽ፤ ቅቤ ይዘሽ እንዳትመጪ ብቻ።»

አልሳቀችም። ወረቀት ስታገላብጥ የሰማሁ መሰለኝ። «ላስብበት። እደውላለሁ» አለች።

«መቼ?»

«እደውላለሁ አልሁ አይደል እንዴ።»

ቁርጥ የኤችአሯ ድምፅ። የወለድኋት ልጅ ኢንተርቪው አድርጋኝ፣ እንደሌላው አመልካች አሰናበተችኝ።

ቤት ስገባ የአስር ሶላት ደርሶ ነበር። ሰግጄ ደጄ ላይ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ ኔትወርክ የሚይዘው የግቢው ጥግ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። አስቴር ሳፋዋን አስቀምጣ አየችኝ፤ ሁሉን ነገርኋት።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ቅር ካላለዎት ልጸልይልዎት?»

«ለሥራው ነው ለልጄ?»

«ለሁለቱም። ለሱ አይከብደውም።»

ቅር አላለኝም። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ሰዓዳን በስሟ ጠርታ ልቧን እንዲያሳርፍላት ለመነች። ኤችአሯን ጠራች፣ ስሟን ባታውቅም። ጉልበቴን ጠራች፣ ቀኙን ለብቻው፣ ግራውን ለብቻው። ወንበሩ መደገፊያ ያለው እንዲሆን ሁሉ ለመነችልኝ፤ ይሄን እኔ ራሴ በዱዓዬ ማንሣት ረስቼዋለሁ። እጄን ዘርግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማታለሁ፤ ወደ ማብቂያው ስትቃረብ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

ጥያት ሮጥሁ። በነዚህ ጉልበቶች ነው የምላችሁ፣ ያለ ጫማ፣ እስከ ግቢው ጥግ።

«ውድ ደንበኛችን» ይላል። የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነው፤ ለባለ ቁልፍ ስልክ።

ስመለስ አስቴር ጸሎቷን ለብቻዋ ጨርሳ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የተቀየመችም አትመስልም። ሄጄ አሜን ልበላት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ብቻውን እንዴት ይባላል ብዬ አፍሬ ሁለቴም ተቀመጥሁ።

ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። ሰዓዳ አልደወለችም። አስቴር ምስሯን ወደ ማገባደዱ ናት፣ እኔም የሷ አንድ አሜን አለብኝ።