ለወፎቹ የሚተወው ቄጠማ

ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ልታጭዱ ወርዳችሁ «ይሄኛው ወገን ተይዟል» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ከጭሮ ወጣ ብሎ ያለውን ረግረግ ይጠብቁ የነበሩት አጎቴ እንዲህ ይሉ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግማሹ ዘንድሮ ይታጨዳል፣ ግማሹ ወፎች እንዲፈለፍሉበት ለከርሞ ይቆያል።

«ጋሼ፣ አንድ እቅፍ ብቻ፤ ወፍ ይከሰኛል እንዴ?» አለቻቸው አንድ ጊዜ ጎረቤታችን።

«እንቁላል የታቀፈችን እናት ተነሺልኝ ትያታለሽ?»

እየሳቀች ወደ ሌላው ወገን ተሻገረች።

ዘንድሮ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ በመጀመሪያው በዓል ዋዜማ፣ ሁለቱም ወገን ታጭዶ አገኘሁት። እሳቸው ይቆሙበት የነበረው ዳር ላይ ብቻዬን ቆምኩ። አንዲት ወፍ ዞራ ዞራ ማረፊያ አጥታ ሄደች።

እባካችሁ፣ እናንተም ስታጭዱ ግማሹን ተዉት። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና የምትመለስ ወፍ ካለች ጠብቁ።