በበሶ የተደፈነ ፊት

ከጎጃም ተመድቤ አሰላ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የምኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አምና የአከራዬ ልጅ ለዳግማ ትንሣኤ ልትዳር ሽር ጉድ ላይ ሳለን፣ የሙሽራው እህት ከአዲስ አበባ መጣች። የልጅቷን ፊት አገላብጣ አየችና፣ ፖርሽ ተከፍቷል፣ ካልተዘጋ ፎቶ አያምርብሽም ብላት ሄደች። አይ ምላስ! ልጅቷ ቃሉን ሰምታው አታውቅም፤ በሽታ መሰላት። መስታወት ፊት ተተክላ ዋለች፤ ሲመሽ ሠርጉ ለጥር ይተላለፍልኝ አለች። እናቷ የተጠነሰሰውን ጠላ አስበው ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሙሽሪት ፊቷን በበሶ ለስና በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የአርሲ ልጅ መቼም ገብስ የማያድነው ነገር ያለ አይመስላትም! ግድግዳ ሲሰነጠቅ በጭቃ እንደሚመረገው ቀዳዳውን ልትደፍን ነው። በሶው ደርቆባት አፏን መክፈት ስላቃታት በእጇ እያሳየች ነው የነገረችኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሳይ ግን ዋጥኩት። በዚያች ከተሜ በጣም ተናደድኩ።

ለብ ባለ ውሃ ፊቷን አሳጠብኳትና አጉሊ መነጽር አምጥቼ የራሴን አፍንጫ አሳየኋት። ቀጥላ የእናቷን ልታይ ስትል እሳቸው በነጠላቸው ተሸፍነው ወደ ጓዳ ሸሹ። ፖር ማለት ላብና ቅባት የሚወጣበት የቆዳ ቀዳዳ እንደሆነ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም እንዳለው፣ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ብቻ ጎላ ብሎ እንደሚታይ ነገርኳት። መነጽሩን አልመልስም ብላ የጎረቤቱን አፍንጫ ሁሉ ስታይ አመሸች። ስለ ጥርም ሁለተኛ አላነሳችም።

የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ጭፈራው ደርቶ ሙሽሪት በላብ ወርዝታለች። የባሏ እህት ፓውደር ይዛ እየተጣደፈች መጣችና ፖርሽን ልዝጋልሽ አለቻት። ልጅቷ እጇን በቀስታ ያዘችው።

«ተይው እህት ዓለም፣ ላቡ በየት ይውጣ? እኔ እኮ ገና መጨፈሬ ነው።»

እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ።