ሬሳ የሌለበት ድንኳን

የሰርኬ እናት ጓዳ ውስጥ ስትሞት ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የእናትየዋ ጡት ላይ የወጣው ቁስል ጠረኑ ቤቱን ስለሞላው፣ ዘመድ ከደጃፍ እየተመለሰ፣ አባቷም “ይጋባል” ብሎ ወንድሞቿን ይዞ ጎረቤት አድሮ፣ አስከሬኑን የምታጥብ ሴት ጠፋች። ልጅቷ ውኃ አሙቃ ብቻዋን አጠበቻት። ከዚያ በኋላ ለወራት አንደበቷ ተዘግቶ ነበር። ቤተ ዘመዱ እሷም ትከተላለች ብሎ ሲጠብቃት ከረመ። አልተከተለችም።

አድጋ ኮልፌ ቀራኒዮ ትዳር ከያዘች በኋላ፣ የሰፈሩ ዕድር ሴት በሞተች ቁጥር የሚጠራው እሷን ሆነ። አትፈራም ተባለ። ትፈራ ነበር። የምትፈራው ግን ሬሳውን ሳይሆን፣ በሳሙናው መሐል ጡት ላይ ወይም ብብት ሥር ጣቷ የሚያርፍበትን ያንን ጠጣር እብጠት ነበር። ቤተሰቡ “ጨጓራዋን ነበር” ይላል፣ “ብርድ መታት” ይላል። ጣቷ ግን ያገኘዋል። ቤቷ ልብስ ስታጥብ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ቁልፍ ሲገጥማት እንኳ እጇን ሰብስባ ትቆያለች።

ሴቶቹ ያንን እጅ ይሸሹት ጀመር። ሰላም ሲሏት ትከሻ ያስቀድማሉ። ሰርኬ አተኩራ ያየቻት ሴት አትከርምም የሚል ወሬም ነበር።

ብዙነሽ ብቻ አትሸሻትም። አጥር ለአጥር የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ብዙነሽ ጦር ኃይሎች ሱቅ አላት፤ የጸሎት ቤት አገልጋይና ተረበኛ ናት። “እኔን ስታጥቢ ውኃው ለብ ይበል፤ ብርድ አልወድም” ትላት ነበር። አንድ ክረምት ቀልዱ ቆመ። ቦርሳዋን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ አዛወረች። እጇንም መስጠት ተወች።

ሰርኬ ብትጠይቃት፣ “በጌታ ስም ደህና ነኝ። በሽታ አትጥሪብኝ” አለቻት።

በዚያው ሰሞን ራዕይ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ሰፈሩን ትዞር ነበር። ሰርኬ ይዛት ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ወደ አቶ ወልደሰንበት ሄደች።

“ጡት የሚመረምረው መሣሪያ ያለበት ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነው፣ ዋጋውም ለሁሉ አይሆንም” አለች ራዕይ። “በእጅ ግን መመርመር እንችላለን። ሁሉንም አናገኝም፤ ግን ብዙ ሴት አሁን የምትመጣው ከረፈደ ነው። ጓንትና መጋረጃ ይበቃናል።”

“ልጄ፣ ዕድር ለቀብር ነው። ለቆመ ሰው የሚወጣ ወጪ ደንባችን ላይ የለም።”

“ጋሼ፣ ለአንዷ ቀብር የምናወጣው ይህን የምርመራ ቀን ስንቴ ይደግመዋል?” አለች ሰርኬ። “ቀብሩ ደግሞ የመጨረሻው ወጪ ነው። እኔ ለማጠብ ስገባ ዕቃው ተሸጧል፤ ልጆቹ ትምህርት አቁመዋል።”

ሽማግሌው የዕድሩን መዝገብ ከደኑ። “ድንኳኑንና አግዳሚውን ውሰዱ። አንድ ቀን። ሴት ካልመጣ ግን ይህን ነገር ዳግም እንዳታነሺብኝ።”

ሰርኬ ያሰበችው ብዙነሽን ነበር። በየቤቱ ዞራ ተናገረች። ሁሉም እሺ አሏት፤ የማይመጣ ሰው እሺታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ አጥር ላይ ተኝቷል። የዕድሩ ጠባቂ ድንኳኑን በለመደው ቦታ ተከለ፤ አግዳሚዎቹንም ለለቅሶ እንደሚያደርገው ደረደራቸው። ለቅሶ መምሰሉን ማንም ልብ አላለም። ራዕይ ጥግ ላይ መጋረጃዋን ሰቅላ ጓንቷን አወጣች። ጥቂት ቆይቶ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያም ብዙ። እየገቡ ተቀመጡ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና አንዷም አልጠየቀችም። ዓይናቸው ብቻ ከፊት ወደ ፊት እየዞረ የጎደለችውን ይፈልግ ነበር። ነፋሱ የቆሼን የቆሻሻ ክምር ጠረን ይዞ ሸራውን ያስተነፍሰዋል። የሚያለቅስ የለም።

በመጨረሻ አንዲቱ ወደ ሰርኬ ጆሮ ተጠጋች። “ማን ናት?”

“እስካሁን ማንም” አለች ሰርኬ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ልትወጣ ስትል መግቢያው ላይ ከብዙነሽ ጋር ተገጣጠመች። ብዙነሽ በቤት ልብሷ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ከመስኮት አየሁት” አለች ለሰርኬ። “መጥቼ አንድ በአንድ አየኋችሁ። ሁሉም ሰው አለ። የጎደልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሰርኬ፣ ለእኔ ነው ያስተከልሽው?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ያንን እጅሽን አርቂልኝ። ነርሷ ትየኝ።”

መጋረጃው ከኋላዋ ተሳበ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት፣ ሬሳ ሳይወጣ መነሳት ያልለመዱት፣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ስትወጣ አንዷ ተነስታ ገባች፤ ከዚያ ሌላዋ።

የብዙነሽ ዕጢ ገና ትንሽ ነበር። ራዕይ ወደ ሆስፒታል ላከቻት፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሕክምናዋን ጨረሰች። ከሌሎቹ ሴቶች አንዷ ግን ረፍዶባት ነበር። ሰርኬ በዓመቱ አጠበቻት። አቶ ወልደሰንበት ለሁለቱ ሴቶች የወጣውን አስተያይተው በጉባኤ ደንቡን አስለወጡ። አሁን ድንኳኑ በየዓመቱ አንድ ጠዋት እንዲሁ ይተከላል። አላፊው ይደነግጣል፤ ሴቶቹም ይተዉታል፣ ይደንግጥ።

ከዚህ ሁሉ ምን ይበልጥብሻል ስትባል ሰርኬ እንዲህ ትላለች፦

“የሞተች ሴት ስትታጠብ አታፍርም። እንደፈለግሽ ታገላብጫታለሽ። ብዙነሽ መጋረጃው ጋ ስትደርስ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች፤ አፈረች። ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው። ስታፍር ሳያት፣ በሕይወት አለች አልኩ።”