የአናቴ እጢና የጎረቤታችን ክንድ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው አካባቢ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። ውሃ የምንቀዳው ከሰፈሩ ቦኖ ነው። ጠፍቶ ሰንብቶ የመጣ ዕለት ቦኖው የጦር ሜዳ ይሆናል፤ ፊት ይቧጨራል፣ ነጠላ ይቀደዳል፣ የተሰለፈ ጀሪካን በእርግጫ ይበተናል።

እንዲህ ባለ ቀን ነው ከሰል የምትሸጠው ጎረቤታችን "ተራዬን ወሰድሽ" ብላ በቆርቆሮ ባልዲ አናቴን ያለችኝ። ደሙ ዓይኔን ሸፈነው። እኔም በፀጉሯ ጎትቼ ጭቃው ላይ ጣልኳት። ሰው ገላገለን፤ ቁስሉም ደረቀ።

ዓመት ያህል ቆይቶ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ጣቷን አናቴ ላይ አቆመችና ይሄ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ነበር። ጫን ስትለው ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል እስከ ቅንድቤ ነዘረኝ፤ ሳላስበው እጇን በጥፊ መታሁት። ከዚያ ወዲያ ፀጉሬን ማበጠር ስቃይ ሆነብኝ። ትራስ እንኳ ሲነካው ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ቀስ እያለም አድጎ ብይ አከለ።

እናቴ ያቺ ሴትዮ የተከለችብኝ መርዝ ነው አለች። ጠበልም ወሰደችኝ፣ አልሄደም። እኔ ስመነምን እሷ ጥርሷን ትነክስ ጀመር። አንድ ጠዋት ቦኖው ጋ ተሰልፈን ሳለ እናቴ ዘነዘና ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ራሷን ለመከላከል ክንዷን ስታነሳ ዘነዘናው ክንዷ ላይ አረፈ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ደግማ ስትሰነዝር ሦስት ወንዶች ተረባርበው ያዟት። ጎረቤታችን ጭቃው ላይ ተቀምጣ የታጠፈ ክንዷን ታየው ነበር፤ አላለቀሰችም።

እናቴን ፖሊስ ወሰዳት። የሰፈር ሽማግሌዎች አማልደው ሲያስፈቷት እንኳ ይቅርታ በይ ብትባል አሻፈረኝ አለች።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ አናቴን ላጭቶ በመርፌ አደነዘዘው። ሕመሙ ባይሰማኝም ቆዳዬ ሲቀደድ፣ ሥጋው ሲጎተት ይሰማኝ ነበር፤ የአልጋውን ብረት ይዤ ጥርሴን አፋጨሁ። ያወጣውን ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ድቡልቡል አሳየንና ለምርመራ ላከው።

ውጤቱ ሲመጣ ለእናቴ ቀስ ብሎ አስረዳት። "ከነርቭ ሽፋን የሚያድግ እጢ ነው። ካንሰር አይደለም፤ አይስጉ፣ ልጅዎ ድናለች።"

"ከምቱ ነው ግን?" አለችው።

"ምት አያመጣውም፣ እናቴ። ማንም ባይነካትም ይወጣ ነበር።"

በማግስቱ እናቴ ጀሪካን ሞልታ ሴትዮዋ ደጅ አደረሰች። እኔም ተከትያት ነበር። ጎረቤታችን ጀሪካኑን በእግሯ ገለበጠችውና በደህና እጇ እናቴን አፏ ላይ በቡጢ መታቻት። ከንፈሯ ተተረተረ። እኔ ዘልዬ ላንቃት ስል እናቴ ክንዴን ጠምዝዛ ያዘችኝ።

"ተያት" አለችኝ፤ "ይገባኛል።"

እናቴ ውሃ ማድረሷን አላቋረጠችም። ሴትዮዋ እየተቀበለች ደጇ ላይ ትደፋዋለች፤ እናቴ ነገም ትሞላለች። በኋላ ቦኖው ለረጅም ጊዜ ሲደርቅ፣ እናቴ ከሩቅ ምንጭ ተሸክማ ያመጣችላትን ግን አልደፋችውም። ይዛው ገባች። ቢሆንም አይነጋገሩም።

ክንዷ ተጣሞ ገጠመ። የከሰል ጆንያ ማንሳት ስላቃታት ፉሪ ከምትኖር እህቷ ዘንድ ልትኖር ወሰነች። የሄደች ዕለት ዕቃዋን ጋሪ ላይ የጫነችላት እናቴ ናት። ሴትዮዋ ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀቻት።

"የልጅሽ ራስስ?"

"ድኗል" አለች እናቴ።

ባለጋሪው ፈረሱን ገረፈውና ሄዱ።